20 ሌሊት ከደባርቅ በላይ፦ ገጠር ቤተሰብ ጋር እያደርን የሰራነው በጎ ፈቃድ

ሰሞኑን ውጭ አገር የሚኖሩ ሦስት ጓደኞቼ በየተራ ደወሉልኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። "ልጄ አገር ቤት መጥታ፣ ገጠር ገብታ በጎ ፈቃድ መስራት ትፈልጋለች። የሚታደረውም ቤተሰብ ጋር ነው አሉ። አንቺ አይተሽዋል፣ እንዴት ነው?" ለሦስቱም የማውቀውን ነገርኳቸው። ለሌላም ወላጅ ይጠቅማል ብዬ በዝርዝር ጻፍኩት።

እኔ ጎንደር ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የሄድነው በ2011 ዓ.ም. ጥር 18 ቀን ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ ናት። አሜሪካ ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት፤ ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ምላሷ ይያዛል። ከኮሌጅ አንድ መንፈቅ አርፋ ነበር የመጣችው። እናቷ "ብቻዋን ገጠር አትገባም" ስላለች እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ተመዘገብኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ዛሬ ልጁን ለመላክ የሚያስብ ሰው ከምንም በፊት ስለ መንገዱ ይጠይቅ። ደባርቅ ወይም ዳባት ዘመድ ያለው ለዘመዱ ይደውል። አዘጋጁ "ችግር የለም" ስላለ ብቻ ልጅ አይላክም።

ያገናኘንን ድርጅት በስሙ አልጠራውም። ጎንደር ውስጥ ቢሮ አለው። ከውጭ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞችን ደጋ መንደሮች ውስጥ እያሳደረ ያሰራል። ለእኛ የተነገረን እንዲህ ነበር፦ 3 ሳምንት፣ 20 ሌሊት፣ አንድ ቤተሰብ ጋር ማደር፤ ቀን ቀን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማርና አንድ የምንጭ ስራ ማገዝ። የእህቴ ልጅ 600 ዶላር ከፈለች። እኔ እንደ አገር ሰው 4,000 ብር። ትራንስፖርቱም፣ ምግቡም፣ አስተባባሪውም በዚሁ ውስጥ ነው ተባለ። "አብዛኛው ገንዘብ ለመንደሩ ይውላል" የሚል ቃልም ነበረበት። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መንገዱ ላይ ብዙ የምለው የለም። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት አድርጎ። ሚኒባሱ ደህና ነበር፣ ሾፌሩም ረጋ ያለ ሰው። ብርዱን ግን አትናቁት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። ደባርቅ ወደ 2,800 ይጠጋል። እኛ የገባንበት መንደር ከ3,000 ያልፋል። ጥር ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ስትወጡ ሳሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ስለ ቤቱ ግን በደንብ ልናገር።

ከደባርቅ ጥቂት በመኪና ሄድን። ከዚያ ሻንጣውን በቅሎ ጭነን ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ወጣን። ስንደርስ መሽቷል። የቤቱ እመቤት ደጃፍ ቆመው ይጠብቁናል። መንደሩ ሁሉ "እናና" ነው የሚላቸው፤ እኛም እናና አልናቸው። ጉንጫችንን አገላብጠው ሳሙን። ወዲያው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረቡና እግራችንን ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። የእህቴ ልጅ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች። "አይሆንም! አይሆንም!" አለች። እናና ቀና ብለው አይተዋት "እግርሽን አምጪ ልጄ። ያደከመሽ የኛ ዳገት አይደል?" አሏት።

እግር ማጠብን አውቀዋለሁ። አያቴ ለመንገደኛ ስታደርገው አይቻለሁ። ለራሴ ሲደረግልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅቷ አጥበው እስኪጨርሱ ታለቅሳለች።

ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ከበሩ ገባ ሲሉ በግራ በኩል ከብቶቹ ያድራሉ፤ የእነሱ ሙቀት ቤቱን ያሞቀዋል። በቀኝ መደብ አለ፣ አጎዛ ተነጥፎበታል። ጥግ ላይ አንድ የጠፍር አልጋ። አልጋው ላይ እኛን አስተኙን። በሦስተኛው ሌሊት ነው የገባኝ፦ ቤቱ ውስጥ ያለው አልጋ ይሄው ብቻ ነው። እናናና አባወራው ለእኛ ለቀው እነሱ መደብ ላይ ይተኛሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ምድጃው አጠገብ። ድርጅቱ "ለእንግዳ የተዘጋጀ መኝታ አለ" ብሎን ነበር። ጠዋት እንቀያየር ብዬ ለመንኳቸው። "እንግዳ መሬት አስተኝቼ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል?" አሉኝ። አለቀ። አስተባባሪውን ተጨቃጭቄ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ከደባርቅ በበቅሎ አስመጣሁ። የደረሰው በስድስተኛው ቀን ነው። ስንመለስ ፍራሾቹን እዚያው ትተናቸው መጣን።

ለወላጆች የምለው፦ ከመክፈላችሁ በፊት "ልጄ የምትተኛው የማን አልጋ ላይ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በግልጽ ካልመለሱላችሁ የቤቱ ሰው አልጋ ነው ማለት ነው።

ጭሱ ከባድ ነው። ማገዶው ኩበት ነው፤ ጭስ መውጫ የለም። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ስታስል ከረመች። አስም ያለበት ልጅ ይህን ባይሞክር እመክራለሁ። ቁንጫም አለ። ከቤት የራሳችሁን አንሶላና የመኝታ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ጋቢ ብቻውን አይበቃም።

ምግቡን ወድጄዋለሁ። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ ጎመን። ጠዋት በሶ፣ ከሰዓት ቆሎ በቡና። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። በፍስክ ቀን ለሁለታችን እንቁላል ይጠበስልናል። ለአራቱ ልጆች ግን ሲሰጥ አላየሁም። በአምስተኛው ቀን ትልቋን ልጅ ለብቻዋ ጠየቅኳት። "እንቁላሉ እኮ ደባርቅ ገበያ ነው የሚወጣ፤ ጨውና ሳሙና ይገዛበታል" አለችኝ። በነጋታው ለእናና "ሆዴ እንቁላል አይስማማውም" አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ሽሮ በላን፤ ሽሯቸውም ይጥም ነበር።

ልጅቷ በዚያ ቤት የተማረችውን የትም አትማረውም ነበር። "አንቱ" ማለትን እዚያ ቻለች። ስትሳሳት የ7 ዓመቱ ልጅ ነበር የሚያርማት፤ "እናናን አንቺ አይባልም!" እያለ። ማታ ማታ ከእናና ጋር ጌሾ ትወቅጣለች። አባወራው አውድማ ላይ ገብስ ሲወቁ በሬ ትነዳለች። ከልጆቹ ጋር ደግሞ ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ ትጠብቃለች። እዚያ አገር ጭላዳ ለቱሪስት ፎቶ ነው፣ ለገበሬው ግን ሌባ ነው። የእናና ታናሽ እህት ድሮ የምትኖረው ግጭ በሚባል፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በነበረ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሲሰፍሩ አብራ ወጥታለች። ቡና ስንጠጣ ስለ እሷ ያወራሉ። ዋልያውም እንዲተርፍ ይፈልጋሉ፣ የእህታቸውም ናፍቆት አለባቸው። የእህቴ ልጅ ስለ ሰሜን ተራሮች የምታውቀው የዓለም ቅርስ መሆኑን ብቻ ነበር። እዚያ ሰው እንደነበረበት የሰማችው ከእሳቸው አፍ ነው።

አሁን ወደ ስራው።

እዚህ ላይ ድርጅቱን እወቅሳለሁ። ስንሄድ የሴሚስተር እረፍት መሆኑን አውቅ ነበር፤ መምህርት ነኝ። ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። "የእነሱ ክፍት ነው" ተባልኩ። ደረስን፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ፕሮግራሙ ላይ "ጥር 21፦ የግንባታ ስራ" የሚል ተጽፎ ነበር። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት! በዚያ መንደር በዚያ ቀን ድንጋይ የሚያነሳ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ስመን፣ ጠላ ተጠጥቶ፣ ቀኑ እንዲሁ አለፈ። ለእኛ ደስ የሚል ቀን ነበር። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ግን መንደሩን አንድም ጊዜ እንዳልጠየቀ አወቅኩ።

ባዶ እንዳንቀመጥ የክፍል ግድግዳ ቀለም ቀቡ አሉን። አራት ቀን ቀባን። ከጎናችን የመንደሩ ወጣቶች ቆመው ያያሉ። ከእነሱ አንዱ ደባርቅ ድረስ እየሄደ በቀን ስራ ቀለም የሚቀባ ልጅ ነው። ከእኛ በተሻለ፣ በግማሽ ጊዜ ይጨርሰው ነበር። ለእሱ የቀን አበል ቢከፈለው ስንት ነገር ይሆን ነበር! ይህን ለልጅቷም ነገርኳት። ብሩሹን አስቀምጣ ረጅም ሰዓት ዝም አለች።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አራተኛ ክፍል ገብታ እንግሊዝኛ አስተማረች። መምህሩ "አንቺ ያዢው" ብሎ ሄደ። 60 የሚሆኑ ልጆች አሉ። አማርኛዋ አይበቃም፤ እነሱም እንግሊዝኛዋን አይሰሙም። ሁለት ቀን ተሰቃየች። በሦስተኛው ቀን መምህሩን እንዲቀመጥ ለመንኩት። እሱ ትምህርቱን ያስተምራል፣ እሷ ቃሉን ታነባለች፣ ልጆቹ ይደግማሉ። ያኔ ነገሩ መልክ ያዘ። መምህሩም "የቃሉን አነባበብ እኔም አስተካከልኩ" አለኝ። ልጅ ስትልኩ መምህርን ተክታ ሳይሆን ከመምህር ጋር እንድትሰራ አድርጉ።

ምንጩ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ ምንጩ ሳወራ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

አባቴ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነበር፤ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ምሩቅ። ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ኮሌጅ ነው፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን ሆነው ገጠር ይወጡ ነበር። አባቴ የወጣትነቱን ወሬ ሲያወራ ወይ ሽንት ቤት ስለማስቆፈር ነው፣ ወይ ምንጭ ስለማጎልበት። እናቴ ደግሞ የ1967ቱ የእድገት በኅብረት ዘማች ናት። ስለዚህ እኛ ቤት፣ ገጠር ወርዶ ሰው ቤት እያደሩ መስራት አዲስ ነገር አይደለም።

የመንደሩ ምንጭ ክፍት ነበር። ከብትም ሰውም ከአንድ ኩሬ ይጠጣል። የማጎልበቱን ሐሳብ ያመጡት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ ወረዳ ድረስ ሄደው የጠየቁትም እነሱ። ወረዳው አንድ የውሃ ባለሙያ ላከ። ድርጅቱ ሲሚንቶና ቧንቧ አቀረበ። ቀኑን የቆረጡት የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ምንም በዓል የሌለበትን ቀን መርጠው። ያ ደቦ ነበር።

የኛ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ አልተማረውም። ደቦ አለ፣ ወንፈል አለ። ደቦ የሚጠራው ባለጉዳዩ ነው። ቀኑን እሱ ይቆርጣል፣ ስራውንም እሱ ያሳያል። የተጠራው ሰው ማጭዱን ይዞ መጥቶ፣ የተሰጠውን ድርሻ አጭዶ፣ የቀረበለትን በልቶ ይሄዳል። ማንም ሳይጠራ ሰው ማሳ ገብቶ "ላጭድልህ" አይልም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እኛ ያልተጠራን ነበርን። ምንጩ ላይ ግን ተጠርተናል።

ስራው አምስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ የምንጩ ዓይን ተፈለገ። ውሃው ከዓለት የሚወጣበት ቦታ እስኪታይ ጭቃው ተጠረገ። ዓይኑ ላይ የታጠበ ድንጋይና ጠጠር ተደረደረ። ፊት ለፊቱ በሲሚንቶ ግንብ ተሰራ፣ ከላይ ተከደነ፣ የጎርፍ ውሃ እንዳይሰርግ በሸክላ አፈር ተደፈነ። ከምንጩ ራስጌ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ተቆፈረ። አባቴ ሁልጊዜ "ምንጭ የሚበላሸው ከራስጌው ነው" ይል ነበር፤ ባለሙያውም ቦዩ ላይ ነው ብዙ ሰዓት ያጠፋው። ቧንቧው 20 ሊትር ጄሪካን ከሥሩ እንዲቆም ከፍ ተደርጎ ወጣ። ትርፉ ውሃ ወርዶ የከብት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ዙሪያው ታጠረ።

የእህቴ ልጅ ድንጋይ ተሸከመች፣ ጠጠር አጠበች። እኔ አሸዋ በአህያ ከሚያመላልሱት ጋር ነበርኩ። ከእኛ የተለየ ነገር አልተጠበቀም፤ እንደማንኛውም ሰው ሰራን፣ እንደማንኛውም ሰው ዳቦና ጠላ ተሰጠን። ባለሙያው የውሃ ኮሚቴ አስመረጠ፤ ገንዘብ ያዧ ሴት ናት። በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ብር ተዋጥቶ ለጥገና ይቀመጣል። ከቧንቧው ውሃ የወረደ ዕለት እናና መጀመሪያ የቀዱት ለቡና ነው። ያንን ቡና አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ጠጥቻለሁ።

ሕመምም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷን ሌሊት ተቅማጥና ትውከት ያዛት። አስተባባሪው ደባርቅ ነው ያለው፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን የለም። አባወራው በጨለማ ወጥተው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ከጤና ኬላው ጠርተው መጡ፤ 50 ደቂቃ መንገድ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይዛ መጣች። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣ፣ ጥቂት ጥቂት እያለች አጠጣቻት። ሲነጋ ዳነች። ያቺን ወጣት ሴት እግዚአብሔር ይስጣት። ይህን ንጥረ ነገር ከጎንደር ፋርማሲ ገዝታችሁ ያዙ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ጎንደር ላይ የግማሽ ቀን ገለጻ ተሰጥቶን ነበር። ስለ ጫማና ስለ ከፍታ ነገሩን። ሰው ቤት እንዴት እንደሚታደር ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። ልጅቷ ከአሜሪካ አንድ ከረጢት ከረሜላ ይዛ መጥታ በመጀመሪያው ቀን አደለችው። ልጆች ተጋፉ፣ አንዱ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። እናና ቀስ ብለው "የምትሰጪው ካለሽ ለእኔ ስጪኝ ልጄ፣ እኔ አካፍላለሁ" አሏት። ይህ ቀድሞ ሊነገራት ይገባ ነበር።

አሁን ገንዘቡ። ከመመለሳችን በፊት እናናን በአክብሮት ጠየቅኳቸው። "ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት 70 ብር ነው የሚሰጡን" አሉኝ። ለሁለታችን ለ20 ሌሊት 2,800 ብር ማለት ነው። እኛ የከፈልነው በዚያ ጊዜ ምንዛሬ ከ20,000 ብር ያልፋል። ጎንደር እንደገባሁ ቢሮ ሄድኩ። የሲሚንቶውንና የቧንቧውን ደረሰኝ አሳዩኝ፤ እውነት ነው፣ አውጥተዋል። የመኪናና የአስተባባሪ ወጪም ይገባኛል። የቀረውን ግን ማስረዳት አልቻሉም። "አብዛኛው ለመንደሩ" የሚለውን ቃል እንዲያነሱት ነገርኳቸው። ያን ሁሉ ቀን አልጋዋን ለቃ፣ እንቁላሏን ሳትሸጥ የቀረች ሴት ከሁሉም በፊት ልትታሰብ ይገባ ነበር።

ታዲያ ልጆቻችሁን ላኩ ወይስ አትላኩ? የቤተሰቡን ነገር ከ5 5 እሰጠዋለሁ። የድርጅቱን 2፤ እሱም በምንጩ ምክንያት። ሰላም ከሆነና ልጁ ከ18 በላይ ከሆነ ላኩ እላለሁ፣ ግን ከሦስት ሳምንት ባላነሰ ጊዜ። የመጀመሪያው ሳምንት ለመልመድ ብቻ ነው የሚበቃው። ስራውን ማን እንደጠየቀ ጠይቁ። ለቤተሰቡ በሌሊት ስንት እንደሚደርስ በጽሑፍ ይስጧችሁ። የበዓላት ቀን መቁጠሪያ አይታችሁ ሂዱ። ለቤቱ ስኳር፣ ቡናና ሳሙና ይዛችሁ ግቡ፤ ለእመቤቷ በእጃቸው ስጡ።

በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ሲቃጠል የእናና ትልቁ ወንድ ልጅ እሳት ለማጥፋት ወጥቶ ነበር። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ሲደርስ ይደውልልኛል። ቧንቧው አንድ ጊዜ ተዘግቶ እንደነበር፣ ኮሚቴው ባዋጣው ብር ከፍቶ እንዳጸዳው የነገረኝም እሱ ነው። ባለፈው ሲደውል እናና አብረውት ወጥተው ኖሮ ስልኩን ተቀበሉት። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ እህቴ ጠየቁኝ። ከዚያ "ያቺ ልጅ ጌሾውን ወቅጣ፣ ጠላው ሳይደርስ ነው የሄደች፤ መቼ ትመጣለች?" አሉኝ።